ክዳኑ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ

መስከረም 21

ማሙሽ (ሰው ፊት ሲሆን ዶክተር ወንድሜ)፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ከለይቶ ማከሚያችን አጥር ውስጥ፣ ግን ከንጹሁ ወገን፣ ከመኝታ ክፍሌ ነው። ወረቀቱ የበሽተኞቹን ክፍል ደጃፍ አልረገጠም፤ እንደ ባለፈው በጓንት ይዘህ እንዳታነበው። እዚህ ግቢ የገባ ስልክ አይወጣም የሚለው ደንብ እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም ስልካችንን ውጭ ትተናል። የደም ናሙናችንን ወደ አንተ ላብራቶሪ የሚያመላልሰው ሾፌር እስካልሰለቸን ድረስ ፖስታ ቤታችን እሱ ነው።

አዎ፣ ሁላችንም ተከትበናል፤ በዚህ ክፍል የምንሠራው አስራ ሁለታችንም። መጨረሻ ላይ የቀሩት እቴቴ ነበሩ። ልብስ አጣቢያችንን ማለቴ ነው፤ ከበሽተኛ አልጋ የወጣ አንሶላ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። በሽታውን ከቁብ አይቆጥሩትም፣ መርፌ ግን ይፈራሉ። ከታቢዎቹ በመጡ ቁጥር ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ ይሰወሩ ነበር። በመጨረሻ የሳሙና ካርቶን ላይ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና፣ ይህን ክትባት የፈተነው የእናቴ ልጅ ነው አልኳቸው። የተከተቡ ሰዎችን ደም ከቫይረሱ ጋር አጋጥሞ ማን እንዳሸነፈ በዓይኑ ያየው እሱ ነው፤ እሱ ያድናል ካለ ያድናል አልኳቸው።

እሳቸውም "ወንድምሽ ይዋሻል?" አሉኝ።

"በልጅነቱ ስኳር ሰርቆ፣ ማንም ሳይጠይቀው መጥቶ የሚናዘዝ ነበር" አልኳቸው። ሳቁና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የክትባት ካርዳቸውን ደግሞ አትጠይቀኝ፤ በፕላስቲክ አስለብጠው ከማጠቢያ ገንዳው በላይ ሰቅለውታል።

ሌላው ወሬ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመመሪያ ሰርኩላር ደርሶናል። የክትባት ካርድ ያለው ሠራተኛ ከእንግዲህ ሽርጥ፣ ጭንብልና ጓንት ይበቃዋል። ሙሉው መከላከያ ልብስ ካርድ ለሌለው ብቻ ነው ተባለ። እኛ ዘንድ ካርድ የሌለው ስለሌለ አርባውም ልብስ መጋዘን ገብቶ ታሸገ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ነው ያለኝ። ያን ፕላስቲክ ለብሼ አንድ ሰዓት ስቆም ቦት ጫማዬ ውስጥ ላብ ይንቦጫረቅ ነበር። ትናንት አንድ ታማሚ ሽማግሌ ፊቴን ትክ ብለው አይተው "ለካ ሴት ነሽ" አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ "ልጄ፣ አንተ" ሲሉኝ የነበሩ ናቸው።

ብላ፣ ተኛ። ባለፈው በላክኸው ፎቶ ላይ አንገትህ ከሸሚዝህ ኮሌታ ቀጥኖ አይቼዋለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 2

ውድ እታለም፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። አልከሳሁም፤ ሸሚዙ ነው የሰፋው። አዎ፣ ባለፈው የጠየቅሽኝን የቤት ኪራይ ውል አድሻለሁ። የመታጠቢያ ቤቴ ጣራ ግን ማንጠባጠብ ጀምሯል። ከላዬ ያለው ሰውዬ ውሃው የእኔ አይደለም ብሎ ድርቅ አለ፤ ከሰማይ ነው የሚል ይመስላል። ባልዲ አስቀምጬበታለሁ።

ሥራው እንደተለመደው ነው። አንዳንድ የቆዩ ሙከራዎችን እየደገምኩ ነው፣ ለወሬ የሚሆን ነገር የለውም። ባለፈው የላክሽው የሽማግሌው ናሙና ውጤት ጥሩ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ወደ ቤታቸው መሄድ ይችላሉ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሚቻል ከሆነ ሙሉውን ልብስ ብትለብሺ ደስ ይለኛል። ካርዱ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው። መቼም ተጨማሪ ጥንቃቄ አይጎዳም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 9

ማሙሽ፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስቴም ባልዲ ብቻ ነው ያገኘሁበት። ታሽጎ የተቆለፈበትን ልብስ በምን ቀዳዳ አውጥቼ ልልበስ? ኃላፊ ነርስ ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም። መጋዘን ጠባቂው ጋ ሄጄ ወንድሜ ደስ ይለው ዘንድ አንድ ልብስ ስጠኝ ልበለው? ሰርኩላሩን አውጥቶ ያነብልኛል። ያ ሰርኩላር ደግሞ መጀመሪያው መስመር ላይ የአንተን ላብራቶሪ ውጤት ነው የሚጠቅሰው።

ሌላም ነገር አይቻለሁ። ለእቴቴ ሰላምታ አልላክህም። ስለ እሳቸው ያን ያህል ጽፌልህ አንድ ቃል አልመለስክም። አንተ ደግሞ ስቀህ ሳታበቃ የምትጽፍ ልጅ ነህ። 

እሳቸው ደህና ናቸው። ከትናንት በስቲያ ደም የነካው አንሶላ ሲጨምቁ ውሃው ፊታቸው ላይ ተፈናጠቀ። እኔ ደንግጬ ስሮጥ፣ እሳቸው በክንዳቸው ጠርገው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርድ በአገጫቸው አሳዩኝና ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤህን እያሰብኩ እንቅልፍ የለኝም።

ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ። የምትደግመው የቆየ ሙከራ የትኛው ነው?

እህትህ


ጥቅምት 16

እታለም፣

ያ ሙከራ ነው። የክትባቱ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ደም ሲረጋ ከላዩ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ ሴረም እንለዋለን፤ ክትባቱ ያስገኛቸው ፀረ-አካላት እዚያ ውስጥ ናቸው። ቫይረሱን ማስቆም ይችሉ እንደሆነ ለማየት ሴረሙን ከቫይረሱ ጋር እናገናኘዋለን። ግን ደም በተፈጥሮው፣ ክትባት ቢኖርም ባይኖርም፣ ቫይረስን የሚያጠቃ ሌላ ነገር አለው፤ እሱ ካልጠፋ ማን እንዳሸነፈ አይታወቅም። ስለዚህ ሴረሙን አስቀድመን ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እናቆየዋለን። ያ ነገር በሙቀት ይሞታል፣ ፀረ-አካሉ ይቀራል። የሞቀ ብልቃጥ ክዳኑ ላይ ቀይ ነጥብ ይደረግበታል። ይህ የላብራቶሪያችን ልማድ ነው፤ ነጥብ ያለው ሞቋል፣ ነጥብ የሌለው አልሞቀም።

በዚያን ቀን ሰማንያ ብልቃጥ ነበረኝ። ቁጥር ስጽፍባቸው ቀዩ እስክሪብቶ አጠገቤ ነበርና፣ ጊዜ ለማትረፍ ነጥቡንም አብሬ አደረግኩ። ኋላ አሞቃቸዋለሁ ብዬ ነው። ገንዳው ጋ ስሄድ ሌላ ሰው ይዞታል። ነገ ይሁን ብዬ ወደ ፍሪዘር መለስኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ተጠራሁ። ቴክኒሻናችን፣ ሃያ ዓመት አንድ ጠብታ ያላጓደለች ሴት፣ ፍሪዘሩን ስትከፍት ሰማንያ ቀይ ነጥብ አየች። ሞቀዋል ብላ ሥራዋን ጀመረች። እምነቷ ያለምክንያት አይደለም፤ ነጥቡ የእኔ የእጅ ሥራ ነበር።

ለማነጻጸሪያ የተጠቀምንበት ያልተከተቡ ሰዎች ሴረም ከድሮ ክምችት የመጣ፣ ከዓመታት በፊት የሞቀ ነበር። እና የተከተቡት በልጠው ታዩ፤ ያሸነፈላቸው ግን በሙቀት ያልሞተው ያ ነገር ነበር። የሙከራውን ሳህኖች አይቼ እንዴት እንደተደሰትኩ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። ብልቃጦቹን እንዳላሞቅኳቸው ጭራሽ ረሳሁት።

ኋላ ሌላ ሥራ ላይ ቁጥሮቹ አልገጥም ሲሉኝ ከገንዳው አጠገብ የሚንጠለጠለውን፣ ያሞቀ ሁሉ የሚፈርምበትን መዝገብ ገለጥኩ። በዚያ ቀን ስሜ የለም። በማግስቱም የለም። የቀረውን ሴረም አሙቄ ደገምኩት። ከሰማንያው ቫይረሱን ያስቆመው ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ብቻ፣ እታለም። ፀረ-አካሉ አለ፣ ግን ብቻውን አቅም የለውም።

ውጤቱን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ወንበር እንኳ አልሰጠኝም። አንድ ሰው ለብቻው የደገመው ሙከራ ወሬ እንጂ ውጤት አይደለም አለ። ውጤት የሚመረምረው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ኅዳር መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ አንድ ቃል ብታወጣ ሕዝብ በማሸበር ትጠየቃለህ አለኝ። ክትባቱን ባስተዋወቀበት መድረክ ላይ የተነሳው ፎቶ ከጀርባው ተሰቅሏል።  ሰዎች ሽርጥ ብቻ ለብሰው እሳት ውስጥ እየገቡ ነው አልኩት። የአጀንዳ ቁጥር ተይዞለታል አለኝ።

አንቺ ሰበብ ፈልጊና ልብሱን ልበሺ። ቆዳሽ ተቆጥቷል በይ፣ ያሻሽን በይ። ለጊዜው ግን ነገሩን ለራስሽ ብቻ ያዢው። ከወጣ ከሥራ ያባርረኛል፣ ያኔ ኮሚቴው ፊት የሚናገር አይኖርም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 18

ለዶክተሩ፣

እንደምን አለህ አልልህም።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እቴቴ አራተኛው አልጋ ላይ ነበሩ። ትኩሳቱ የጀመራቸው በአሥራ አምስት ነው። የደም ናሙናቸውን ይኸው በዚሁ መኪና ልኬልሃለሁ፤ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም፣ የማን እንደሆነ ግን አሁን ታውቃለህ።

የገንዳውን መዝገብ መቼ ነው የገለጥከው? አልጻፍክልኝም። እኔ ግን ሾፌሩን ጠየቅኩት። መስከረም ሃያ ስምንት ናሙና ሊያደርስ ሲመጣ በደረጃው ላይ ጭንቅላትህን ይዘህ ተቀምጠህ እንዳገኘህ፣ ምነው ቢልህ "ውጤቴ ውሸት ሆነ" እንዳልከው ነገረኝ። ለሾፌሩ ነግረኸዋል። ከአራት ቀን በኋላ ለእኔ ስለ ባልዲ ጻፍክልኝ። ውሃው እቴቴ ፊት ላይ የተፈናጠቀው ጥቅምት ሰባት ነው። ሳይንቲስቱ አንተ ነህ፣ ቀኖቹን ቁጠራቸው።

ተሳስተህ ቢሆን ኖሮ ይቅር እልህ ነበር። ደክሞህ ነጥብ አስቀድመህ አደረግክ፤ እኔም ሃያ ስምንት ዓመት ስሠራ መድኃኒት ሳልሰጥ ሰጠሁ ብዬ የፈረምኩበት ቀን አለ። ደሜን ያፈላው እሱ አይደለም። ቆዳዬ ተቆጣ ብዬ እኔ ልብስ ለብሼ ልግባ፣ የቀሩት አሥሩ ደግሞ ከጎኔ በሽርጥ ይግቡ? ዓይናቸውን እያየሁ? ይህን ለእኔ ለመጻፍ እንዴት እጅህ ታዘዘልህ? እናታችን እንዲህ አላሳደገችህም፤ እኔም አላሳደግኩህም።

ለራስሽ ያዢው ያልከውን አልያዝኩትም። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሁሉንም ሰብስቤ ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ስለ ዘጠኙ ያለውን ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ አልተነሱም። እኔ መጋዘን ሄጄ ማኅተሙን በመቀስ ቆረጥኩት። በሩ ላይ ስሜንና ሰዓቱን ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ የሚጠይቅ ካለ ይጠይቀኝ። አሁን ሁሉም ሙሉ ልብስ ለብሶ ነው የሚገባው።

ከዳኑ ሰዎች ደም ያወጣችሁት ፀረ-አካል ፍሪዘራችሁ ውስጥ እንዳለ ራስህ ነግረኸኛል። ቶሎ ከተሰጠ እንደሚያድን፣ ከሰነበተ እንደማይረባም ነግረኸኛል። ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። አሁኑኑ ላክ። ይቅርታ ሳይሆን እሱን ላክልኝ።

ኃላፊ ነርስ


ጥቅምት 26

እታለም፣

ብልቃጦቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በበረዶው ሳጥን ውስጥ አሉ፤ ሦስት ናቸው፣ ለአንድ ሰው ሙሉ መጠን ነው። በክዳናቸው ነጥብ አላመንኩም፤ እያንዳንዱን በእጄ ፈትኜዋለሁ።

የዘገየው በፊርማ ነው። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ማመልከቻውን አስገባሁ። አለቃዬ መድኃኒቱ ለተከተበ ሰው አይሰጥም አለ፤ ለተከተበ ሰው ይሰጥ ብሎ ከፈረመ ክትባቱ አልሠራም ብሎ እንደመፈረም ነው። ይህን አፉን ሞልቶ፣ ፊቴን እያየ ነው የነገረኝ። ስድስት ቀን በሩ ላይ ቆምኩ። በሰባተኛው ቀን ፍሪዘሩን ከፍቼ ወሰድኩት። በስድስቱ ቀን ሙሉ ለምን እንዲህ እንዳላደረግኩ ትጠይቂኛለሽ። ፈርቼ ነው።

እንደፈራሁት ከሥራ ወጥቻለሁ፤ የበሩን ካርድ ትናንት ተቀበሉኝ። ከዚያ በፊት ግን የሞቀውን የሴረም ውጤት ከነቀኑ፣ ከነገንዳው መዝገብ ቅጂ፣ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌና ፈርሜ ናሙና ወደሚልኩልን ዘጠኝ ሆስፒታሎች ሁሉ በሚመለሱት የናሙና ሳጥኖች ውስጥ ከተትኩት። ቴክኒሻናችን ናት ሳጥኖቹን ያሸገችው።  የእኔን ነጥብ አምና በሠራችው ሥራ እሷም ተጎድታለች።

ስለ ባልዲው የጻፍኩት ደብዳቤ ያሳፍረኛል። በዚያ ቀን እውነቱን ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ የቀደድኩት አንቺን ላለማስደንገጥ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። የፈራሁት ግን ለስሜ ነበር።

እቴቴ እንዴት ናቸው? ያውቃሉ? ስለ እኔ ጠየቁሽ?

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ማሙሽ፣

ሳጥኑ በሰላም ደርሷል፤ በረዶው አልቀለጠም፣ ብልቃጦቹም ሙሉ ናቸው። ፍሪጃችን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፣ በሰዓቱ ለሚደርስበት ሰው ይሆናሉ። እቴቴ ያረፉት ሾፌሩ ከመድረሱ በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አብሬያቸው ነበርኩ።

የዘጠኙም ሆስፒታል ልብስ ከመጋዘን ወጥቷል። ሰርኩላሩን የሻረ ሌላ ሰርኩላር መጥቶልናል፤ "ለተጨማሪ ጥንቃቄ" ይላል፣ ስለ ሰማንያው ብልቃጥም፣ ቫይረሱን ስላስቆመው ዘጠኝም አያነሳም። የአንተ ቃል ነው፤ ተጨማሪ ጥንቃቄ። እያነበብኩ ግድግዳ መደብደብ አማረኝ። የማኅተሙን ነገር ሊጠይቀኝ የመጣ የለም።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። አዎ፣ ስለ አንተ ጠይቀውኛል። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ትኩሳቱ ጋብ ብሎላቸው ነበር። በጭንብሌ ውስጥ ዓይኔን ፈልገው አገኙና "ያን ሁሉ ቀን ብደበቀው መርፌው ተቀይሞኝ ነው" አሉኝ። ሊስቁ ሞከሩ። ከዚያ እጄን ይዘው "የሁላችሁ ሰውነት ተቀብሎታል፣ የእኔ ነው እምቢ ያለው። ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፣ በሥራው ያዝናል" አሉ።

ደብዳቤህን ለአሥሩ አንብቤያለሁ። ለእሳቸው አላነበብኩላቸውም። ያን ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ደከሙ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። አንተን እንዲያ እንደ እሳት የተቆጣሁት ሴትዮ፣ እኔም ለራሴ ብቻ ይዤው ቀረሁ። ክትባቱን በአንተ ስም ያስወጋኋቸው እኔ ነኝ፤ ባይከተቡ ኖሮ ካርድ አይኖራቸውም፣ ካርድ ባይኖራቸው ልብሱ አይቆለፍባቸውም ነበር። ይህንንም አልነገርኳቸውም።

ባለቤታቸው በየቀኑ አጥሩ ጋ ይመጣሉ። ለዘበኛውም ለጎረቤትም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ጥፋቱ የእሷ ነው፣ ክትባቱን ፈርታ ብትዘገይ ነው፣ ስንቴ ነግሬያት ነበር ይላሉ። የሞተችባቸውን ሚስት እየወቀሱ ነው የሚውሉት። እኔ ከዚህ ሆኜ እሰማቸዋለሁ።

እንግዲህ ደብዳቤ አልፈልግም። ሐሙስ ጠዋት ባለቤታቸው የሞት ምስክር ወረቀቷን ሊወስዱ ይመጣሉ። እኔ ወረቀቱን ይዤ እስክወጣ ድረስ በበሩ በስተግራ፣ ከዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት። አጠር ያሉ፣ ግራጫ ኮት የሚለብሱ ሰው ናቸው። ሾፌሩ ረቡዕ ማታ ይዞህ ይመጣል፣ ነግሬዋለሁ። ከጎናቸው ተቀመጥና ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ንገራቸው። አንተ ስትጨርስ እኔ ወጥቼ የራሴን እነግራቸዋለሁ።

እህትህ